ከደጀን እስከ ድልድዩ፦ ከፍታችን የት ይቀራል?

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛ ደጀንን ሲያልፍ አንድ ትልቅ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም እንደ ገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በየሴሚስተሩ ማብቂያ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ወላጆቻቸው ለሚመለሱ ተማሪዎች ይህ ጉዞ የተለመደ ነው። ጆሮ ይደፈናል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ደጋው ላይ ተከድኖ የነበረ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በአየሩ ግፊት ይጨማደዳል። ተሳፋሪው ዓይኑን ወደ ገደሉ ይልካል እንጂ ከወንበሩ ሥር፣ በጎማዎቹ ውስጥ ስለሚካሄደው ነገር እምብዛም አያስብም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እርሱ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው። ደጀን ላይ የቆመ አውቶቡስ ከዓባይ ወንዝ በላይ 1,350 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ላይ ሲደርስ ያ ከፍታ የለም። ፍጥነቱም አልጨመረም፤ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ላይ ባልደረሰ ነበር። ታዲያ ከፍታው ወዴት ሄደ?

አንባቢያን ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ እንደምታስታውሱት፣ ወደ ላይ የተነሣ ነገር ሁሉ እምቅ ጉልበት አለው። (በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» ስል ኤነርጂ ማለቴ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ጉልበት» እና «ኃይል» ስለሚቀያየሩ አስቀድሞ መስማማቱ ይበጃል።) የእምቅ ጉልበቱ መጠን የነገሩ ግዝፈት፣ የመሬት ስበትና የከፍታው ብዜት ነው። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪውና ከነጓዙ 12 ቶን እናድርገው። 12,000 በ9.8፣ ውጤቱን ደግሞ በ1,350 ስናባዛ ወደ 159 ሚሊዮን ጁል እናገኛለን።

ይህ አኃዝ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ወደ ማጀት እንውሰደው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ያለን አንድ ሊትር ውሃ እዚያ ለማድረስ 300 ሺህ ጁል ያህል ይበቃል። እንግዲህ አውቶቡሳችን ደጀን ላይ ይዞት የነበረው ጉልበት ከ500 ሊትር በላይ ውሃ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 26 ያህል፣ ማፍላት የሚችል ነበር። ጉልበት ደግሞ አይጠፋም። ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ የትም ተንኖ አይቀርም። አውቶቡሱ ወንዙ ዘንድ በሰላም ከደረሰ ያ ሁሉ ጉልበት በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኗል ማለት ነው። ዋናው ነገር ሙቀቱ የት ላይ እንደ ተፈጠረ ነው፤ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት የሚወሰነውም በዚሁ ነውና።

ከ159ኙ ሚሊዮን ጁል ጥቂቱን የጎማዎቹ መሽከርከርና የአየሩ መቋቋም ይወስዱታል። በዝግታ ለሚወርድ ከባድ ተሽከርካሪ ይህ ድርሻ ከአንድ ስድስተኛ ብዙም አይዘልም። ወደ 132 ሚሊዮን ጁል የሚሆነው ቀሪው ሌላ ማራገፊያ ይሻል። ከደጀን እስከ ወንዙ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሾፌር በ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጉልበቱን ለጊዜው ስናካፍል 55 ኪሎ ዋት ይደርሰናል። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይጠቀማል። ስለዚህ አሥራ አምስት ምጣዶች በአንድ ላይ ተጥደው ለ40 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሲነድዱ ይታያችሁ። ሾፌሩ ሥራውን ሁሉ ለፍሬኑ ከተወለት እነዚህ ምጣዶች የሚነድዱት በጎማዎቹ ውስጥ ነው።

አሁን ፍሬኑን እንመልከት። በአብዛኞቹ ከባድ ተሽከርካሪዎቻችን ጎማ ውስጥ ከበሮ የሚመስል፣ ታምቡር የሚባል የብረት ክፍል ከጎማው ጋር ይሽከረከራል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ከውስጥ ተከፍተው ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። አራቱ ታምቡሮች በድምሩ 180 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። አንድ ኪሎ ግራም ብረትን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 460 ጁል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ አራቱን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቀው 83 ሺህ ጁል ነው። 132 ሚሊዮኑን ለዚህ ብናካፍል 1,600 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ለታምቡር የሚያገለግለው ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ግን በ1,200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።

በርግጥ ታምቡር ሲቀልጥ አናይም፤ ምክንያቱም ስሌቱ ሙቀት ወደ አየሩ እንደማይወጣ አድርጎ የተሠራ ነው። በእውነቱ ታምቡሩ እየጋለ በሄደ መጠን ለአየሩ የሚለቀውም ሙቀት ይጨምራል። ከሥሩ የተሸነቆረ እንስራ ውስጥ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ የውሃው ከፍታ ይጨምራል፤ ከፍ ሲል በሽንቁሩ የሚፈሰውም ይበረታል፤ የሆነ ደረጃ ላይ ሁለቱ ይተካከላሉ። ፍሬን የተሠራው ለማቆም ነው፤ ለጥቂት ሰከንዶች ይግላል፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ፌርማታ ይበርዳል። አንድ ባለ 12 ቶን አውቶቡስ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ቆመበት ሲመጣ ወደ 3 ሚሊዮን ጁል ያራግፋል። ከደጀን እስከ ዓባይ በፍሬን ብቻ መውረድ እንግዲህ ይህን ከ40 ጊዜ በላይ፣ በየደቂቃው ያለ ፋታ እንደ መድገም ነው። እንስራው ከአፉ እስኪፈስ ይሞላል።

ሲሞላ የሚሆነው ምንድን ነው? ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ መሰል ነገር ከመጠን በላይ ሲግል ጋዝ ይለቃል፤ በሸራውና በታምቡሩ መካከልም የፍትጊያው ኃይል ይደክማል። ተሳፋሪው የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። በዚያው ላይ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። የ40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ታምቡር በ300 ዲግሪ ሲግል ወርዱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ በሌላ አነጋገር ግድግዳው ከጫማዎቹ ይሸሻል። ሾፌሩ ፔዳሉን ይበልጥ ዘልቆ ይረግጣል፤ የያዘው ግን ያነሰ ነው። ፍሬናቸው በዘይት በሚሠራ ትንንሽ መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ ይታከላል። የፍሬን ዘይት እያደር ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ይገባዋል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ የመፍያ ልክ ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እስከ ታች ይገባል፤ ጎማው ዘንድ የሚደርስ ግፊት ግን የለም።

የጋለውን ታምቡር ለማብረድ ውሃ መድፋት መፍትሔ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። የታምቡሩ ፊት በድንገት ሲኮማተር ውስጡ ገና የሰፋ ነው፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ውጥረት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። መኪናውን አቁሞ፣ ለጎማው ድንጋይ አስደግፎ፣ አየሩ ሥራውን እስኪሠራ መጠበቅ ይሻላል።

ነገር ግን ከመነሻው ሙቀቱን ወደ ፍሬን ሳይልኩ መውረድ ይቻላል። ተሽከርካሪው ውስጥ ሙቀትን ለመጣል ተብሎ የተሠራ ሌላ ክፍል አለና፤ እርሱም ሞተሩ ነው። ማርሹ እንደ ተያዘ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ሞተሩ ጎማውን ማሽከርከር ትቶ ራሱ በጎማው ይሽከረከራል። ፒስተኖቹ አየር ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ይገፋሉ፤ የሚፋተጉት ክፍሎችም ይፋተጋሉ። ይህን ሥራ የሚያሠራቸው የአውቶቡሱ ከፍታ ነው። የሚፈጠረው ሙቀት በጭስ ማውጫው ከአየሩ ጋር ይወጣል፣ በራዲያተሩም ይበተናል። ማርሹ ከባድ በሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ ሁለተኛ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር ቁልቁለት ሞተሩ የሚዞረው ዙር ይበዛል፤ የሚውጠው ጉልበትም በዚያው ልክ። ነባር ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት የፊዚክስ ትምህርት ሳያስፈልጋቸው የደረሱበት ትክክለኛ መደምደሚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ፒስተኑ ሲያምቀው የወሰደውን ጉልበት መልሶ ሲወርድ አብዛኛውን ይመልስለታል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ብቻውን የሚያስገኘው መግቻ ያን ያህል ብርቱ አይደለም። ለዚህ ሲባል በብዙ ከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ክዳን ይገጠማል፤ ሞተሩ በተዘጋ ደጅ ላይ አየር ለመግፋት ስለሚገደድ የሚውጠው በአሥሮች ወደሚቆጠር ኪሎ ዋት ያድጋል።

ሌላው መላ የተገኘው ከአንድ ረጅም ጉዞ ነው። አሜሪካዊው የናፍጣ ሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1931 ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ አገር አቋርጦ በጭነት መኪና ሲጓዝ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው። ከግርጌው መንገዱን የሚያቋርጥ የጭነት ባቡር ነበር፤ የባቡሩ መጨረሻ ፉርጎ ባለፈበት ቅጽበት ለጥቂት ተረፉ። ከሚንስ ነገሩን ዓመታት አሰላስሎ፣ አየሩ ታምቆ እንዳበቃ ቫልቩን ከፍቶ የሚለቅ መሣሪያ ነደፈ። ስፕሪንጉ ከተጫነ በኋላ ይለቀቃል እንጂ ጉልበቱን አይመልስም ማለት ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ ጄክ ብሬክ ተብሎ ይታወቃል።

ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረድ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሞተሩን ከሥራው አሰናብቶ አሥራ አምስቱን ምጣዶች በሙሉ ለፍሬኑ ያስረክባል። የሚያስገርመው ቁጠባው ራሱ አለመኖሩ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ተይዞ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋሉ፤ ማርሹ ነፃ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይቀጥላል።

መልሱ ጉዞ ከመሄጃው የሚለይበት ምክንያት አለ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ቁልቁለቱ የሚመጣው 200 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ነው። ከባሕር ዳር ለሚመለሰው ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዳ በኋላ ነው፤ ሾፌሩ ደክሟል፣ ከጨለማ በፊት ለመግባትም ይቸኩላል። ጭነቱም አንድ አይደለም። ከጎጃም የሚመለስ መኪና ጤፍና ማር፣ ቅቤና ዶሮ ሳይጭን አይመለስም፤ አሥር ኩንታል እህል ብቻ በደጀኑ ከፍታ ላይ 13 ሚሊዮን ጁል ይጨምራል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት መልሱ ጉዞ ርቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ለሰው እንደሚያጥርበት አሳይተዋል። ለስበት ግን አያጥርም። የመቸኮልም ዋጋ በስሌት ይታያል፦ በሰዓት በ30 ፈንታ በ60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሾፌር የሚያራግፈው ጠቅላላ ጉልበት እምብዛም አይለወጥም፤ የሚራገፍበት ጊዜ ግን ግማሽ ስለሚሆን የምጣዶቹ ቁጥር ወደ ሠላሳ ይጠጋል።

ያን ሁሉ ጉልበት ወደ አየር ከመበተን መልሶ መሰብሰብ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በጎዳናዎቻችን ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተራቸውን ቁልቁለት ላይ ወደ ጄኔሬተርነት ይለውጡታል። ባለ 2 ቶን መኪና ከደጀን እስከ ወንዙ ሲወርድ የጎማውና የአየሩ ድርሻ ተቀንሶ፣ ከቀሪው 70 በመቶው ቢሰበሰብ፣ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ወደ ባትሪው ይገባል። ነገር ግን የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ደጀን ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ የሚነሣ ሰው ያን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ስለማይኖረው መኪናው ተመልሶ በተራ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እዚያ ለሚያድር መንገደኛ አንድ አሥረኛውን ባዶ ትቶ መነሣት ይበቃዋል፤ ከድልድዩ ወዲያ ያለው የጎሐ ጽዮን አቀበት ደግሞ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚጠይቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ የተሰበሰበው ግማሹን እንኳ አይሸፍንም።