ተራ የማይጠብቅ ሰንጠረዥ

ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ካርታ ሲጫወት ያመሸ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ክሬዚ ላይ አንዱ ሁለት ካርድ የሚያስነሳውን ይጥላል፤ ቀጣዩ ሰው ዝም ብሎ ከማንሳት ይልቅ የራሱን ሁለት ይደርብበታል። ቅጣቱ ተደምሮ አራት ሆኖ ወደ ሦስተኛው ይለፍ? ወይስ መጀመሪያ የተቀጣው የራሱን ያንሳ? ሕጉ እንደየቤቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ ያልተስማማ ሰው መሀል ላይ ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁ ከንቱ አይደለም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲነሳ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ አሸናፊውን ይለውጣልና። እኔ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ ደፋሩ ያለው ግን ካርታ ላይ ሳይሆን በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። እቴጌ ጣይቱም ይወዱት እንደነበር ይነገራል። ታሪኩንና ሕጉን አሰባስቦ በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰፊው የጻፈው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። ሰሌዳው እንደዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ 64 ቤቶች ይከፈሉበት ነበር። ፈረሱና ደሩ ዛሬ እንደምናውቃቸው ፈረስና ግንብ ይሄዳሉ። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ግን የዛሬዋን ንግሥት ጉልበት አያውቅም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። ፊሉ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ በዚህ አካሄዱ ጨዋታው እስኪያልቅ ቢመላለስ ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ይረግጣል። እግረኛው መደቅ ደግሞ ከመነሻውም ቢሆን ሁለት ቤት መራመድ አይችልም።

እንዲህ የተንቀረፈፈ ጦር ይዞ ተራ በተራ መጫወት ምን ያህል እንደሚያሰለች መገመት አያዳግትም። ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ተራ ይባክናል። የዐረብ ተጫዋቾች ይህን ችግር የፈቱት ታቢያ የሚሏቸውን የታወቁ አሰላለፎች በማጥናት ነበር። የኛዎቹ ተራውን ራሱን አነሱት።

ይህ ተራ የሌለበት የጨዋታው የመጀመሪያ ክፍል ወረራ ይባላል። ጨዋታው እንደተጀመረ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ አምስት ጊዜ ሲራመድ ሌላው ሁለት ጊዜ ቢራመድ ከልካይ የለም። አንዱ ፈረሱን ወደ ግራ ሲያወጣ ያየ ሌላው መደቁን ሊገፋ፣ ያም አይቶ ፈረሱን ሊመልስ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ተራ ይጀመራል፤ እስከ መጨረሻውም በተራ ይሄዳል።

ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው የእጅ ፍጥነት ውድድር ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው እላለሁ። መጀመሪያ የበላው ሰው አንድ ጠጠር ያተርፋል፤ ነገር ግን በዚያው እጁ ወረራውን ዘግቶ ተራውን ለባላጋራው ያስረክባል። ደሩ ሳይጠበቅ ቆሞ ከሆነ አንድ መደቅ በልቶ ደር ያስበላል። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ይቅደም?» ከመሆን ያልፍና «መቅደም የሚያዋጣው መቼ ነው?» ይሆናል። ይህን ያህል ነገር ከአንድ አጭር ሕግ ማውጣት ትልቅ ብልሃት ነው።

ሌላው ዓለም ለዚሁ ጥያቄ የሰጠው መልስ ፍጹም የተለየ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው የፈጠረውና በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነት ካርዶች አሉት። ብዙዎቹ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ይሁን» የሚል ትእዛዝ ተጽፎባቸዋል። አንድ ድርጊት የሁለቱንም ተጫዋቾች ትእዛዝ ባንዴ ሲቀሰቅስ ተራው የሆነው ሰው መጀመሪያ የራሱን ያስቀምጣል፤ ባላጋራው የራሱን ከላዩ ይደርባል። የሚፈጸመው ግን እንደተደረደረ እንጀራ ከላይ ወደ ታች ነው፤ በመጨረሻ የተቀመጠው ይቀድማል። ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ሕይወት ቀርቷቸዋል እንበል። አንድ ፍጡር ሲሞት የእያንዳንዳቸው ካርድ ከሌላው ሰው ላይ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። ፍጡሩ ሞተ። ትእዛዞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የተነሱትም እኩል ነው። ሆኖም ከላይ ያለው የባላጋራው ስለሆነ ቀድሞ ይፈጸምና ተራው የነበረው ሰው ይሸነፋል። ከሥር ያለው የራሱ ካርድ አይደርስለትም። ከጃፓን የመጣው ዩ-ጊ-ኦም ከላይ ወደ ታች በሚፈጸም ሰንሰለት ነው የሚሠራው።

ሁለቱን ሳነጻጽር ልቤ ወደ ሰንጠረዡ ያደላል። የካርዱ ሕግ ጥብቅና ፍትሐዊ ነው፤ ክርክር አያስነሳም። ሰንጠረዡ ግን የጊዜውን ጉዳይ ለተጫዋቹ ዓይንና ልብ ትቶታል። አጨራረሱም የዚያው ጠባይ ነው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ጥበብ አይቆጠርም ነበር፤ የሚደነቀው በፊል፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ የጨረሰ ነው። 8 ቤት ብቻ የሚረግጠውን ጠጠር ንጉሡ ካለበት አጠገብ በጊዜው ማድረስ ምን እንደሚጠይቅ የሞከረ ያውቀዋል። ብቻውን የቀረን ንጉሥ ደግሞ ማት ማለት አይፈቀድም፤ ስለዚህ አሸናፊ መሆን የሚፈልግ ሰው የባላጋራውን ጦር እስከ መጨረሻው መጨረስ የለበትም።

ጨዋታው እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ቆይቶ በዘመናዊው ቼዝ ተተካ። እንዲህ ዓይነት ሕግ በመጽሔት ገጽ ላይ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ለመመለስም ገንዘብ አይጠይቅም። ጅማ ውስጥ ቼዝ ያለበት ማንኛውም ቡና ቤት ይበቃል። ንግሥቷን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል አድርጉ። እያንዳንዳችሁ ንጉሣችሁን ከመሀል መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዙን በስተግራ አቁሙ፤ ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት አይተያይም። ከዚያ ጀምሩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ትርምስ ይሆናል፤ አንዱ ይቸኩልና ያገኘውን መደቅ ይበላል፣ ደሩንም ያጣል። በሁለተኛው ወረራው ረዘም ይላል።