ሕፃን የያዘ እጅ ስንት ይከፈለዋል?

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ዴይኬር በር ላይ ብትቆሙ፣ ወላጅ በአንድ እጁ ቡና፣ በሌላው ልጅ ይዞ ሲሮጥ ታያላችሁ። የሕፃናቱ ክፍል ደፍ ላይ ሲደርስ ግን ሩጫው ይቆማል። ልጆቹ የሚድሁበት ወለል ስለሆነ ጫማ ይወልቃል ወይም በላስቲክ ይሸፈናል። ጡጦ የልጁ ስምና ቀኑ ሳይጻፍበት አይገባም። ዳይፐር መቀየር ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው፦ ወረቀት ማንጠፍ፣ ጓንት ማጥለቅ፣ ማጽዳት፣ የልጁን እጅ ማጠብ፣ ጠረጴዛውን በማጽጃ መጥረግ፣ የራስን እጅ ማጠብ፣ ሰዓቱን መመዝገብ። ልጁ ሲተኛ በጀርባው ነው፤ ብርድ ልብስ አይደረብለትም። ይህ ሁሉ በአራት ይባዛ፤ የከተማዋ ደንብ ለጨቅላዎች የሚፈቅደው አንድ አዋቂ ለአራት ሕፃናት ነውና።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየች አንዲት እናት አውቃለሁ። አገር ቤት ስትደውል «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት «ልጅ እጠብቃለሁ» ትላለች። በወረቀት ላይ መምህርት ነች። «መምህርት ነኝ ብዬ ደግሞ ደመወዙ የታለ ሲሉኝ ምን ልመልስ?» ብላ ትስቃለች። አማርኛችን «ሞግዚት» ብሎ ያልፋታል፤ የዲሲ ሕግ ግን «የቅድመ ልጅነት አስተማሪ» ይላታል። በስሟና በደመወዟ መካከል ያለውን ገደል ለመድፈን የተፈጠረ አንድ የመንግሥት ቋት አለ። ሠራተኞቹ ባጭሩ «ፔይ ኢኩቲ» ይሉታል፤ የክፍያ ፍትሐዊነት ፈንድ ማለት ነው።

ገደሉ ከየት መጣ? ሒሳቡን እንሥራው። ዲሲ ውስጥ የአንድ ጨቅላ የዴይኬር ክፍያ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር ያልፋል። አራት ልጅ ሲሆን ከ80 ሺህ በላይ ነው፤ ለአንዲት ሠራተኛ ይህ መች አነሰ ያሰኛል። ዴይኬሩ ግን በቀን 10 ሰዓት ያህል ክፍት ነው፤ እሷ የምትሠራው ስምንት። ስለዚህ ለአራቱ ልጆች አንድ ሰው አይበቃም። የቤት ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ምግቡ፣ የዳይሬክተሯ ደመወዝ የሚወጣውም ከዚያው ነው። ወላጅ ከዚህ በላይ ልክፈል ቢል ደመወዙን ሁሉ አስረክቦ መሥራቱ ትርጉም ያጣል። አንዲት ሠራተኛ ደግሞ አምስተኛ ልጅ ልጨምር ብትል ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እጇ ሁለት ነው። ፋብሪካ ማሽን ገዝቶ ምርቱን ያሳድጋል፤ ሕፃን ማባበልን የሚያፈጥን ማሽን ግን የለም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚታረቀው ከደመወዟ ላይ በመቆንጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው አሜሪካ የሕፃናት ተንከባካቢዎች መካከለኛ ክፍያ በሰዓት 14.60 ዶላር ነበር።

ዲሲ ውስጥ ነገሩን ያባሰው፣ የሚገርመው፣ አንድ መልካም ሥራ ነው። ከተማዋ በ2008 ባወጣችው ሕግ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በነፃ የሚማሩበትን የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ለሁሉም አዳረሰች። ወላጆች እፎይ አሉ። ዴይኬሮች ግን አንድ አስተማሪ ብዙ ልጅ የምትይዝላቸውን፣ ወጪ የሚሸፍኑላቸውን ተለቅ ያሉ ልጆች አጡና ብዙ እጅ የሚፈልጉት ጨቅላዎች ቀሩላቸው። ዲግሪ የያዘች አስተማሪም ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት ሄደች፤ እዚያ ደመወዙም የክረምት ዕረፍቱም አለ። በዚህ ላይ በ2016 ዋና አስተማሪዎች የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ረዳቶች ደግሞ ሲዲኤ የተባለውን የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ሠራተኛዋ «ተማሪ» ተባለች፤ ተምራ ምን እንደምታገኝ ግን የነገራት አልነበረም።

መልሱ በሁለት ደረጃ መጣ። በ2018 የዲሲ ምክር ቤት ከውልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆችን የሚመለከት ሕግ አጸደቀ፤ ገንዘብ ግን አልተከተለውም። ገንዘቡ የተገኘው በ2021 ነው። ምክር ቤቱ በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ በሚያገኙ ነዋሪዎች ላይ ታክስ እንዲጨመር በ8 ለ5 ድምፅ ወሰነ፤ ከተሰበሰበው የተወሰነው ቤት ለሌላቸው መኖሪያ፣ የተወሰነው ለዚህ ፈንድ ዋለ። በዴይኬር ክፍያ የተማረረው ወላጅ ደረሰኝ ላይ ሳይጨመርበት፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ ከሌላ ኪስ መጣ ማለት ነው።

በ2022 ገንዘቡ በቀጥታ ለሠራተኞቹ ተሰጠ፤ ሙሉ ሰዓት ለሚሠሩ ረዳቶች 10 ሺህ፣ ለዋና አስተማሪዎች 14 ሺህ ዶላር። በስልኳ አመልክታ በባንኳ የገባላት ብዙ ናት። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ታክስ ሳይቆረጥበት የመጣ መሆኑን ታክስ በሚሞላበት በኤፕሪል ያስታወሰች ግን ደነገጠች። በገቢ ልክ የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ያላትም ድጋፉን እንዳታጣ ሰጋች። በአንድ ጊዜ የሚመጣ ብር ዕዳ ይከፍላል እንጂ ባንክ ቤት ሄዶ ደመወዜ ይህን ያህል ነው ለማለት አያስችልም።

ስለዚህ በ2024 የበጀት ዓመት አሠራሩ ተለወጠ። ከተማዋ ገንዘቡን በየሦስት ወሩ ለዴይኬሩ ትሰጣለች፤ ዴይኬሩ ደግሞ ከተወሰነው የደመወዝ ወለል በታች ላለመክፈል ይፈርማል። የሚቀበለውም ሠራተኞቹ ስንት እንደሆኑና ምን ምስክር ወረቀት እንዳላቸው ተሰልቶ ነው። ወለሉ በዚያ ዓመት ሲዲኤ ለሌላት ረዳት 43,865 ዶላር፣ ላላት 51,006፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላት ዋና አስተማሪ ደግሞ 75,103 ዶላር ነበር። መለኪያው የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን ደመወዝ ነው። ቤታቸው ውስጥ ፈቃድ አውጥተው ልጅ የሚቀበሉም አልተረሱም። ከዚህ ሌላ ሠራተኞቹ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የጤና መድን የሚያገኙበት ፕሮግራም በ2023 ተጀመረ።

የደመወዙን መሰላል ልብ በሉ። ሲዲኤ 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ቀድሞ ለግድግዳ ጌጥ የነበረው ወረቀት በ2024ቱ ወለል ለረዳቷ በዓመት ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ልዩነት አመጣ። አማርኛ የሚያነቡ ሠራተኞች አንድ ነገር ያግዛቸዋል፦ በከተማዋ የ2004 የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሠራ ወይ? ማቴማቲካ የተባለው የጥናት ድርጅት፣ ፈንዱ ባይኖር ኖሮ ከሚጠበቀው በላይ 219 አስተማሪዎች፣ ማለትም 7 በመቶ ያህል፣ በሥራው ላይ መገኘታቸውን ገምቷል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ሠራተኛዋ በተማረች ቁጥር ወለሏ ከፍ ይላል፤ ቋቱ ግን በዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ሁሉም መሰላሉን ከወጣ ማን ይከፍላል? በ2024 የጸደይ ወራት ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በጀት ሲጠብባቸው ፈንዱ ጨርሶ እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ። አስተማሪዎችና ወላጆች ጮኹ፤ ምክር ቤቱም 70 ሚሊዮኑን መልሶ አስገባ። ደመወዝ በየዓመቱ በድምፅ የሚታደስ ከሆነ፣ በእኔ ግምት፣ ቤት ለመግዛት የሚያስደፍር ደመወዝ አይደለም።

ያቺ እናት የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ፈንዱ የሚያየው የሥራ ቦታን እንጂ መኖሪያን ስላልሆነ ኢስተርን አቬኑን ተሻግራ ዲሲ በመሥራቷ ተጠቅማለች። ጎረቤቷ ሲዲኤውን አብራት ተምራለች፤ ዴይኬሯ ግን ከመንገዱ ወዲህ፣ ሜሪላንድ በኩል ነው። ጠዋት አብረው ይወጣሉ። «እኔ በእግሬ አምስት ደቂቃ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ» ትል ነበር ጎረቤቷ። ሰሞኑን የአውቶቡሱን ሰዓት ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ።