ለአሮጌ መኪና የሚተካ ሞተር ስለ መምረጥ

ብልህ ገበሬ በሬ ሲገዛ የቀንዱን ማማር ብቻ አይመለከትም፤ ጫንቃውንና ሰኰናውን፣ ጥርሱንም አይቶ ዕድሜውን ይመረምራል። ለመኪናው ሞተር የሚገዛ ሰውም እንደዚሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ይህ ነገር የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ሞተር የቤተ ሰብን ገንዘብ፣ የልጆችን ትምህርት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰውን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ ምክሩ በቤት ውስጥ ባልና ሚስት ተቀምጠው የሚመክሩበት ነው።

በከፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ የቡና መገኛ በመባል የታወቀች ናት። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በዱር ይበቅላል፤ አገሩም በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመዘገበው በከፋ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ነው። ደኑን የሚያለመልመው ዝናብ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋልና፣ በክረምት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ካልሆነ በቀር ሌላው በቀላሉ አይዘልቅም።

በዚያ የሚኖር አንድ ዘመዴ ቡናና ማር ወደ ቦንጋ የሚያመላልስበት አሮጌ የላንድክሩዘር ጭነት መኪና አለው። ባለፈው ክረምት በሌሊት ምጥ የያዛትን የጎረቤት ሴት ይዞ ሲሄድ፣ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ ነጭ ጭስ አውጥቶ ቆመ። የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐኪም ቤት አደረሷት፤ እናትም ልጅም በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ። በማግሥቱ መካኒኩ ቢያይ የሞተሩ ዘይት ከውኃ ጋር ተደባልቆ ወተት የገባበት ቡና መስሏል፤ ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ሲሊንደሮቹም አልቀዋል።

ሌላ መኪና እንዳይገዛ ዋጋው የማይቀመስ ሆነበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ያለውን መኪና በሌላ ሞተር ማዳን ግድ ሆነ፤ ሦስት ዓይነት ምክርም ቀረበለት።

የመጀመሪያው የነበረውን ሞተር ማደስ ነው። ይህ 2 ኤች የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1990 ድረስ የተሠራ ጽኑ ሞተር ነው። ውስጡን የሚያዛምደው ቺንጋ ሳይሆን የብረት ጥርስ ስለ ሆነ ብዙ ያገለግላል። ነገር ግን መሠራቱ ካቆመ ብዙ ዘመን ስላለፈው፣ ቴስታታው የተሰነጠቀበት ሰው ሌላ ደኅና ቴስታታ ማግኘት ይቸግረዋል።

ሁለተኛው የወንድሙ ልጅ ያመጣው ምክር ነው፤ ይኸውም ቱርቦ ያለውና በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ አዲስ ዓይነት ሞተር እንዲገዛ ነው። ጎልማሳው የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ያጣል፤ ቱርቦ ግን አየሩን እየገፋ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት ይሞላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ሞተር ናፍጣውን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጭ በመሆኑ ጥቂት ውኃ ወይም እድፍ ቢገባበት ይበላሻል። ብልሽቱንም የሚያነበው ኮምፒዩተር ነው። ደግሞም የአሮጌው መኪና ካምቢዮና ፍሬን ለዚያ ሁሉ ጉልበት አልተሠሩም።

ሦስተኛው 1 ኤች ዜድ የሚባለው ነው። ይህ በ1990 የ2 ኤችን ቦታ የተካ፣ 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። ፖምፓው ያለ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ በአገራችን በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ ስለሚገኝም መለዋወጫው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይሸጣል። ጉድለቱ በቺንጋ የሚዛመድ መሆኑ ነው፤ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ካልተለወጠ ተበጥሶ ሞተሩን ያበላሻል።

ዘመዴ ልቡ ወደ ቱርቦው አዘንብሎ ነበር። ባለቤቱ ግን ነገሩን በዝምታ ካዳመጠች በኋላ፣ «ሞተሩ በሌሊት ከዳገት ላይ ቢቆም የሚያነሣው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። የማንኪራ መንደር መካኒክ የሚያውቀው ፖምፓውን እንጂ ኮምፒዩተሩን አይደለም። ናፍጣውም ከቦንጋ በጀሪካን የሚመጣ ነው። ከዚህ በኋላ ክርክር አልቀረም፤ 1 ኤች ዜድ እንዲገዛ ተስማሙ። ለቱርቦው ታስቦ ከነበረው ገንዘብ የተረፈውም ለሴት ልጃቸው ትምህርት ተቀመጠ።

እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ በመሆኔ አንድ ነገር ጨመርሁ። በመኪናው ሊብሬ ላይ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ተጽፈዋል። ሞተር የለወጠ ሰው አዲሱን ቁጥር ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስታውቆ ካላስጻፈ፣ መኪናው ሲመረመርም ሲሸጥም ክርክር ይነሣበታል። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት የሻጩን ማስረጃ፣ የጉምሩኩን ዴክላራሲዮንና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማስተያየት፣ ውሉንም በምስክር ፊት መጻፍ ይገባል።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛም ሳያስነሣ አይግዛ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ፤ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ጭስ የሚተፋ እንደ ሆነ ፒስቶኖቹ አልቀዋል። የስድስቱም ሲሊንደር ግፊት በመሣሪያ ይለካ፤ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሊሆን ይገባዋል። ማስነሻው የ12 ወይም የ24 ቮልት መሆኑና ከመኪናው ጋር መስማማቱ፣ የሞተሩ ማቆሚያና የፍሪሲዮኑ ቤት ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር መገጠሙ አስቀድሞ ይጠየቅ። ራዲያተሩም ይጠረግ፤ የመጀመሪያውን ሞተር የገደለው ሙቀት ሁለተኛውንም ይገድላልና።

መኪናው አሁን ዳገቱን በዝግታ ይወጣዋል፤ ጎልማሳውም በዝግታው ይቀልዳል። ነገር ግን በቃሬዛ የሄደችው ሴት ልጇን ለማስከተብ ወደ ቦንጋ የወረደችው በዚሁ መኪና ነው። እንግዲህ ሞተር የምትገዙ ሁሉ፣ ጉልበቱን ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ በምትኖሩበት አገር የሚጠግነው ሰው መኖሩን ጠይቁ።