ኩርፊያና ኮሮጆ

ወረቀቱን ብቻ ካየን ኢትዮጵያዊ መራጭ በፖለቲከኞች ተስፋ ቆርጦ አያውቅም። በ1997 ምርጫ ካርድ ካወጣው ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ፤ በ2002 እና በ2007 ቁጥሩ ከ90 በመቶ አለፈ ተባለ። በእነዚሁ ዓመታት ግን ወሬው ወደ ምርጫ ሲያዘነብል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው ሰው እየበዛ ሄደ።

በ97 ሕዝቡ በገዢው ፓርቲ ላይ የነበረው ቅሬታ ቀላል አልነበረም፤ የተለየው ቅሬታውን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ማግኘቱ ነው። በቴሌቪዥን በተላለፉት ክርክሮች ባለሥልጣን ሲሞገትና መልስ ሲያጥረው አገር ቁጭ ብሎ አየ። ሚያዝያ 29 የገዢው ፓርቲ የኢሕአዴግ፣ በማግስቱ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት። ግንቦት 7 አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎቿን፣ ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። ያኮረፈ ሰው ቤቱ ይቀራል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ማልዶ ወጥቶ የተሰለፈው ያኮረፈው ነው።

የተከተለውን ብዙዎች ያስታውሱታል። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመዲናዋ ሰልፍ ለአንድ ወር ከለከሉ። በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ ግድያውን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ገለጸ። የከንቲባነቱን ወንበር ይረከባሉ የተባሉት ብርሃኑ ነጋ ከሌሎቹ የቅንጅት መሪዎች ጋር ወህኒ ወረዱ።

የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የመንግሥት መሆኑን አልጠራጠርም። ተቃዋሚዎቹን ግን ከዚህ ታሪክ ነጻ የሚያወጣቸው የለም። ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚለው ተከፋፈሉ፤ በ1999 ከእስር ከወጡ በኋላ ደግሞ ጠባቸው አደባባይ ወጣ። በአሜሪካ ገንዘቡን ሲያዋጣ የከረመው ዲያስፖራ ሳይቀር በሁለት ጎራ ተሰለፈ። ብዙ መራጭ ልቡን ያነሳው ያኔ ይመስለኛል። ጉልበተኛ ድምፅህን ቢነጥቅህ ትናደዳለህ፤ ድምፅህን የሰጠኸው ሰው ሲበትነው ግን ዳግመኛ ለመስጠት እጅህ ይከብዳል።

ኢሕአዴግ በበኩሉ ትምህርት ወሰደ፣ ብዙዎቻችን የጠበቅነውን ዓይነት ግን አልነበረም። ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው አባሉ በጥቂት ዓመታት ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ በኋላም አንድ ለአምስት አደረጃጀት እስከ ጓዳ ዘለቀ። እንዲህ ባለ ሰፈር ካርድ አለማውጣት ራሱ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ያመነውም፣ የፈራውም፣ ግድ የሌለውም አንድ ላይ ተሰልፎ ድምፅ ሰጠ። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 አንድም አላስተረፉም። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ቀጥሎ አማራ ክልል ተቀጣጠለ። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ኮሮጆው ያልነገረውን መንገዱ ነገረ።

በ2013 ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በ97 ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ነበሩ፤ ይህን ያህል የተገላበጠ ዕጣ በልብ ወለድ ቢጻፍ አንባቢ አያምንም። ቦርዱ ዜጎች ካርድ እንዲያወጡ ቢወተውትም ምዝገባው አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታ ተንቀራፈፈ፤ ጊዜውም ተራዘመ። ኮሮናውም፣ የጸጥታው ችግርም፣ ጣቢያዎች ዘግይተው መከፈታቸውም ምክንያት ነበሩ፤ ግን «ምን ሊፈይድ?» የሚለውም እዚያው ውስጥ አለ። በመጨረሻ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ትግራይ አልመረጠችም፤ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ወጡ፤ ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወሰደ።

የተሳትፎ መቶኛው የሚሰላው ከተመዘገበው ሰው ነው። ካርድ ያላወጣ ከስሌቱ ውጭ ስለሆነ «ቀረ» አይባልም፤ እንግዲህ የኩርፊያው ዋና ማደሪያ ይኸው ነው። እሱን ለመለካት በየወረዳው ስንት ሰው መምረጥ ይችል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1999 ነው፤ በ2011 ይደረጋል የተባለውም ተራዝሟል።