ቤት ማሻሻጥና አማና



ድለላ በአገራችን ስሙ የጎደፈ ሥራ ነው። «ደላላ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ለሻጩ አንድ፣ ለገዢው ሌላ ዋጋ ነግሮ ልዩነቱን ወደ ኪሱ የሚከት ሰው ነው። በአሜሪካ ግን የሰው ቤት በክፍያ ለማሻሻጥ የግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግዛት ይህን ሥራ የሚመኙ ወጣቶች ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ ፈቃዱ እንዴት ይገኛል? ገቢውስ ሐላል ነውን? ሁለቱንም እንመልከት።

ፈቃድ ፈላጊው 18 ዓመት የሞላውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀ መሆን አለበት። በቅድሚያ የ60 ሰዓት ትምህርት ይከታተላል። ቀጥሎ ሁለት ክፍል ያለው ፈተና ይወስዳል። አንዱ ስለ አገር አቀፍ ሕግና አሠራር 80፣ ሌላው ስለ ግዛቱ ሕግ 40 ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍም ከመጀመሪያው 56፣ ከሁለተኛው 30 መመለስ ግድ ነው። የጣት አሻራም ይሰጣል። ይህን ሁሉ አልፎም ለብቻው አይሠራም፤ ከፍተኛ ፈቃድ ባለው ብሮከር ሥር ይገባል። በመጀመሪያው ዓመትም ተጨማሪ 30 ሰዓት ይማራል።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አብዛኛው ኤጀንት ደመወዝ የለውም። ኮሚሽን የሚያገኘው ሽያጩ ሲጠናቀቅ ነው፤ ግብሩንና የጤና መድኑን የሚሸፍነውም ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ አንዳች ገቢ ሊያልፉ ይችላሉና ባለ ትዳር የሆነ ወንድም ወይም እህት ስንቅ ሳይዙ አይግቡ።

ወደ ሐላልነቱ ስንመጣ፣ የድለላ ክፍያ ግልጽ እስከሆነ ድረስ የተፈቀደ ነው። ከኦገስት 2024 ወዲህ በአሜሪካ በብዙ ኤጀንቶች ዘንድ ገዢው ቤት ከማየቱ በፊት የኤጀንቱ ክፍያ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ተደንግጓል። ሱረቱል በቀራህ ቁጥር 282 የዱቤን ውል በጽሑፍ እንድናኖር ላዘዘን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሻጭ ኤጀንት የሚያውቀውን የቤቱን ከባድ ጉድለት ከገዢ እንዳይደብቅም የቨርጂኒያ ሕግ ያስገድደዋል። ነውርን ሸሽጎ መሸጥን ደግሞ ዲናችን ከዚያ አስቀድሞ ከልክሎታል።

ብዙ ወጣት የሚሰናከለው ግን ሌላ ቦታ ነው። «ልጄ፣ ሙስሊም የሚበዛበት ሰፈር ፈልግልኝ» የሚሉት አባት ክፋት የላቸውም። ሆኖም የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በሃይማኖት፣ በዘር ወይም በመጣበት አገር ለይቶ ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ኤጀንቱ «አባባ፣ ሰፈሩን እርስዎ ይምረጡ፤ ቤቱን እኔ አሳይዎታለሁ» ቢላቸው ደፈራቸው አያሰኝም። ይኸው ሕግ ነገ እኛን ከሰፈር የሚያገል ቢመጣ ይጠብቀናል።

የቀረው የሪባ ጥያቄ ነው። በወለድ ብድር ቤት መግዛትን የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት በ1999 በችግር ምክንያት በምዕራቡ ዓለም ላሉ ሙስሊሞች በቅድመ ሁኔታ ሲፈቅድ፣ ሌሎች ዑለማኦች ተቃውመውታል። ስለዚህ ወጣቱ ፈቃዱን ከማውጣቱ በፊት የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ያለ ወለድ ቤት የሚገዛባቸውን የሙሻረካ ውሎችም ያጥና።

ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ አማናውን የሚጠይቀን ግን አላህ ነው። ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን!