የሸክላ ጭቃ ማቡኪያ ማሽን፦ ስንት ዘመን ያገለግላል? በምንስ ይበላሻል?



ከዘንዘልማ ግቢያችን ወጥተን ባሕር ዳር ገበያ ስንገባ ጀበና፣ ምጣድና እንስራ ደርድረው የሚሸጡ እናቶችን እናያለን። በዋጋው እንከራከራለን እንጂ ጭቃው እንዴት እንደተቦካ አንጠይቅም። ትልቁ ድካም ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም በእጅና በእግር ይቦካል። በግብርና ትምህርታችን እንደምናውቀው ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን የጭቃ ጠባይ የሚገቱት አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል በመቀላቀል ነው።

ይህን ድካም የሚያቃልለው ማሽን በእንግሊዝኛው ፐግሚል ይባላል። አሠራሩ ከሥጋ መፍጫ ጋር ይመሳሰላል፦ በበርሜል ውስጥ ዘንግ ይሽከረከራል፤ በዘንጉ ላይ ያሉት ምላጮች ጭቃውን እየቆረጡና እያሹ ወደፊት ይገፉታል፤ በጠባቡ አፍ በኩልም ተጠቅጥቆ ይወጣል። አንዳንዱ አየር መምጠጫ ፓምፕ አለው። አየር የወጣለት ጭቃ ለመሥራት ይመቻል፣ ቶሎም አይቆራረጥም። ዕቃ እሳት ውስጥ የሚፈነዳው ግን በአየሩ ምክንያት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ምክንያት በደንብ ሳይደርቅ የቀረ ውኃ ወደ እንፋሎት መለወጡ ነው።

ማሽኑ በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ዕድሜውን የሚያሳጥሩት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ መፋተግ ነው። አሸዋና ገል ምላጩን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ምላጩ ሲያልቅ ከበርሜሉ ግድግዳ ይርቃል፤ ጭቃውም ወደፊት መሄዱን ትቶ እዚያው ይዞራል። ስለዚህ ምላጩ ተፈትቶ የሚቀየር ወይም በብየዳ የሚሞላ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ዝገት ነው። ተራ ብረት ይዝጋል፤ አሉሚኒየምም እርጥብ ጭቃ ውስጥ ሲቆይ ይቦረቦራል። የማይዝግ ብረት ውድ ቢሆንም ዕድሜው ይረዝማል።

ሦስተኛ፣ ውስጡ የደረቀ ጭቃ ነው። ማሽኑን ለአጭር ጊዜ ስናቆመው አፉን በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ አጥብቀን እናስር። ለክረምት ዕረፍት የምንሄድ ከሆነ ግን ጭቃውን አውጥተን እንጠበው። የደረቀ ጭቃ ዘንጉን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል፤ በግድ ሲያስነሱት ሞተሩ ይቃጠላል።

አራተኛ፣ ባዕድ ነገር ነው። ሽቦ፣ ሚስማርና ጠጠር ምላጭ ይሰብራሉ። የጄሶ ስብርባሪ ማሽኑን ባይጎዳም ዕቃው ከተቃጠለ በኋላ እርጥበት ስቦ ያብጥና ላዩን ቆርሶ ይጥለዋል።

ከዚህ ሌላ ኩሽኔታውን ግራሶ መቀባት፣ የካምቢዮውን ዘይት ማየት፣ የፓምፑን ወንፊት ማጽዳትና ያረጀ ጎሚኒ መቀየር ያስፈልጋል። ማሽኑ እየሠራ እጅ ማስገባት ፈጽሞ አይቻልም፤ ለማጽዳት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይነቀል።

ይህ እኛን ለምን ይመለከተናል? በአካባቢያችን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባለ ለረጅም ዘመን ተገልሏል፤ በጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይህ ደርሶባቸዋል። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም የመገለልን ምሬት ያውቁታል። በላቡ የሚያድር ሰው መከበር እንጂ መናቅ አይገባውም። ክብሩ ደግሞ በቃል ብቻ እንዳይቀር ድካሙን ማቅለል ይገባናል።

ሆኖም ለሴቶች ማኅበር ማሽን ገዝቶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ እርዳታ አይሆንም። አንድ ጎሚኒ ጠፍቶ ማሽኑ ጥግ ላይ ከቆመ እናቶቹ ወደ እግራቸው ይመለሳሉ፤ ያውም ተስፋቸው ተሰብሮ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት እንጠይቅ፦ መለዋወጫው ባሕር ዳር ይገኛል? ምላጩን እዚሁ ያለ በያጅ ሊሠራው ይችላል? መብራት ሲጠፋስ? ከእናቶቹ መካከል ጥገናውን ሠልጥና የምትረከብ ማን ናት? በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ መካኒካል የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን፤ እኛ ደግሞ አፈሩን እናውቃለን። ተባብረን ብንሠራ ቀላል ማሽን እዚሁ መሥራት አያቅተንም፤ ኢንሻአላህ።

የጋራ መሣሪያ አማና ነው። አማናን መጠበቅ ደግሞ ከሥራ በኋላ በርሜሉን ከማጠብ ይጀምራል።