«አስተካክያለሁ» ምኑን?

ደብረ ማርቆስ ሆኜ የዝናብ መጠን የሚያሰላውን የመመረቂያ ፕሮግራሜን ብከፍት ውጤቱ ዐሥር እጥፍ ተዛብቷል። የለውጡን መዝገብ ሳይ «አስተካክያለሁ» ይላል፤ በቃ። እኔው ጽፌ እኔው ጠፋኝ!

መዝገቡን የሚይዘው ጊት ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ሶፍትዌር። ከእያንዳንዱ ለውጥ ጋር የምንጽፈው ማስታወሻ ኮሚት መልእክት ይባላል። የተለመደ አጻጻፍም አለው፦ መጀመሪያ ከ50 ፊደል የማይበልጥ ርዕስ፣ ቀጥሎ ባዶ መስመር፣ ከዚያ በየመስመሩ እስከ 72 ፊደል የሚደርስ ማብራሪያ። ባዶው መስመር ለጌጥ አይደለም፤ ጊት ርዕሱን ከማብራሪያው የሚለየው በሱ ነው።

ምን እንደተቀየረ ኮዱ ራሱ ያሳያል፤ ማብራሪያው ለምን እንደተቀየረ ይንገረን። ለምሳሌ፦

የዝናብ መጠንን ወደ ሚሊሜትር ቀይር

አዲሱ መለኪያ የሚልከው በሴንቲሜትር ስለሆነ።

ይቺን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ባልፈጀብኝ።